ሁለት ጣት ከሜትሩ ሥር

ለውዷ እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እጅሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ሲውል የሚያብጠው ቀኝ እግርሽ ቀለል አለልሽ? ዓይንሽንስ ልጠይቅ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደኅና ነው፣ ክር ብቻ ነው የማይታየኝ» ልትዪኝ ነው? ልብስ ሰፊ ክር ካልታየው ሌላ ምን ሊታየው ነው፣ እታለም? ቤተሰቡስ እንዴት ከረመ? መንገደኛው ባልሽ በሰላም ይመላለሳል? መርፌ ሰኪዋ ልጅሽስ የፊት ጥርሷ በቀለላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንድም የጎደለብኝ ነገር የለም። ጤናዬ ሙሉ ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። እንዲያውም የላክሽልኝ ቀሚስ ጎኑ ላይ ያዝ ያደርገኝ ጀምሯል። በስፌትሽ እንዳትፈርጂ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ የሚያነቡልሽ ጋሼ ዳይሬክተር እንደሆኑ አውቃለሁ። ስለዚህ ለእሳቸውም ገና ከመነሻው ሰላምታዬ ይድረሳቸው። መነጽራቸውን ወልወል፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ ድሮ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ማስታወቂያ እንደሚያነቡልን ይጀምሩ። እዚህ ሆኜ ድምፃቸው ይሰማኛል። ዛሬም ያንን እጅጌው አንዱ ከአንዱ የረዘመ ኮት እንደለበሱ ልወራረድ እችላለሁ፤ የሰፋው ሌላ ሰው ነውና ብናገር አንቺን አይነካሽም። ጋሼ፣ ይቅርታዎን፤ አንድ አደራ ግን አለኝ። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አንድም ቃል ሳይዘሉ ያንብቡልን።

አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ ስንደዋወል ሁለታችንም ስለምንጮህና ግማሹ ወሬ መንገድ ላይ ስለሚቀር ነው። ደግሞም ነገሩ ያሳፍራል። ወረቀት ግን አያፍርም።

ሥራሽ ምንድን ነው ባልሽኝ ቁጥር «ኮምፒውተር ነው» ብዬ ሳልፈው ኖሬአለሁ። ዛሬ በወጉ ልንገርሽ። መሥሪያ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘጠኝ ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዘጋ መስኮት፣ አንድ የማይከፈት መስኮት አለን፤ እኔ የደረሰኝ የማይዘጋው ነው። ለሐኪም ቤቶች ፕሮግራም እንጽፋለን፤ የምንጽፍበት ቋንቋ ጃቫ ይባላል። ፕሮግራም ማለት ለኮምፒውተሩ መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥለህ ይህን አድርግ ብሎ መዘርዘር ነው። አንቺ ለአዲስ ተለማማጅ መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ ኮሌታ፣ ከዚያ እጅጌ እያልሽ እንደምትዘረዝሪው። ልዩነቱ ኮምፒውተሩ አይኮርፍም፤ በተሳሳተ መንገድ ከነገርሽውም በታማኝነት ተሳስቶ ይሠራልሻል።

ስህተቱን ፈልጎ ማውጣት ዲባግ ይባላል። በአንቺ ቤት ልብሱን ገልብጦ ስፌቱን ማየት ማለት ነው። ችግሩ ፕሮግራም ሲሮጥ ዓይን አይደርስበትም። ስለዚህ የጠረጠርሽው መስመር አጠገብ ቀይ ነጥብ ታደርጊበታለሽ። ፕሮግራሙ እየሮጠ መጥቶ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያኔ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትከፍቻለሽ፤ እዚያ ውስጥ በራሱ በጃቫ ጥያቄ ትጽፊለታለሽ፣ እሱም በቆመበት ይመልስልሻል። አሁን በእጅህ ያለው ማን ነው? ስንት ሰው ቀረ? ይህ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ምን ትለኝ ነበር? ልክ አንቺ ሰውየውን አቁመሽ፣ ሳትቀጂ ሳትሰፊ፣ ጨርቁን በስፒል ያዝ አድርገሽ «እንዲህ ቢሆንስ?» እንደምትዪው ነው። ሳጥኗ ባትኖር ለእያንዳንዷ ጥያቄ ልብሱን ሙሉ በሙሉ ተርትሮ እንደገና መስፋት ይሆን ነበር። ካንቺ ቀጥሎ ብዙ ያስተማረችኝ እሷ ናት ብል አታኩርፊኝ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ከወር በፊት አንድ የዓይን ሐኪም ቤት አቤቱታ አመጣ። ሕመምተኞች ይመዘገባሉ፣ ወረፋ ይጠብቃሉ፣ የኛ ፕሮግራም በየተራቸው ይጠራቸዋል። አንዳንዶቹ ግን ሳይጠሩ ይቀራሉ። አንዲት እናት በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ተመዝግበው፣ ሦስቱንም ቀን እስኪመሽ ተቀምጠው ሳይጠሩ ተመለሱ። ነርሷ የዕለቱን ወረፋ ብታይ ስማቸው የለም። ይህን ስሰማ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጥሽው አንቺ መሰልሽኝ። አለቃችን ሥራውን ለኔ ሰጠችኝ። ያኔ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በዚህ ሥራ ካሳመንኳቸው ቋሚ እሆናለሁ ብዬ ምሳዬን ትቼ ሥራው ላይ ተቀመጥኩ።

የወረፋውን ክፍል የጻፈው አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው። ቢሮው በሙሉ «ቀስ በቀስ» ይለዋል፤ እሱም አቤት ይላል። አንድ መስመር ጽፎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ያየዋል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ያሞቀዋል፣ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ እኔ ግን በልቤ የዚህ ሰውዬ እንቁላል መቼ ነው እግር የሚያወጣው እል ነበር። እሱ ቋሚ አይደለም፤ በየዓመቱ ውሉ ይታደሳል፣ የዘንድሮውም ያን ወር መጨረሻ ያበቃ ነበር። ሁለት ልጆች አሉት፤ ፎቷቸው ጠረጴዛው መስታወት ሥር ነው።

ፕሮግራሙን ቀይ ነጥብ ላይ አቆምኩት። ለሙከራ ያስገባኋቸው ሰባት ሰዎች ወረፋ ላይ አሉ። ሳጥኗን ከፈትኩና ቀጣዩ ማን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ስም ሰጠኝ። ቁጥሩን ባይ ሰባቱ ስድስት ሆነዋል። ደግሜ ጠየቅሁ፤ አምስት። ደግሜ፤ አራት። ማንም ሳይነካቸው ሰዎቹ ዓይኔ እያየ ይጠፋሉ። የሚሰጠኝን ስም እንኳ አላነበብኩትም፤ ቁጥሩ ሲወርድ ብቻ ነበር የማየው። አገኘሁት አልኩ። ታውቂኛለሽ፤ እኔ ነገር ሲገባኝ ወንበር አይበቃኝም። ቀጥ ብዬ ስብሰባው ውስጥ ገባሁና ሰዎቹን የሚበላቸው የወረፋው ክፍል ነው፣ የተጻፈው በግዴለሽነት ነው አልኩ። በግዴለሽነት የሚለውን ቃል ማንም አልጠየቀኝም፤ ከኪሴ አውጥቼ የጨመርኩት ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እያልሽ ያሳደግሽኝ ልጅ ያን ቀን ሁለቱንም አደረግሁ።

አለቃችን ወደ እሱ ዞራ ምን ትላለህ አለችው። ቀስ በቀስ እንደ ልማዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ወደኔ ዞረና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ በምን ጠየቅሽው አለኝ። እኔ ደግሞ ችሎታዬን የናቀ መስሎኝ ሰው እንደሚጠይቀው ነዋ አልኩት። ከሰዓት በኋላ አለቃችን ውሉ እንደማይታደስ ነገረችው። እሱም የልጆቹን ፎቶ ከመስታወቱ ሥር አውጥቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ አዘንኩለት፤ ግን ደግሞ ልክ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ አለቃችን ያገኘሁትን በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዘችኝ። ጠዋት ገብቼ ያንኑ ሙከራ ደገምኩት። አሁን እያንዳንዱን ነገር ወረቀት ላይ ማስፈር ስላለብኝ እጄ ቀስ አለ፤ ስሞቹንም አነበብኳቸው። መጀመሪያ የጠየቅሁ ጊዜ የሰጠኝ የመጀመሪያውን ሰው ነው። ሁለተኛ ስጠይቅ ሁለተኛውን። ሦስተኛ ስጠይቅ ሦስተኛውን። ብዕሩን አስቀመጥኩ። የቀስ በቀስ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፤ በምን ጠየቅሽው?

እታለም፣ አንቺም በዚያው ቃና አንድ ጊዜ ጠይቀሽኝ ነበር። ልብስ አልሆን ብሎ ሲመለስ ሜትሩን አንስተሽ፣ ሳትቆጪ፣ ጣቶችሽ የት ነበሩ አልሽኝ። ሰው ስትለኪ ሁለት ጣትሽን ከሜትሩ ሥር አስገቢ፤ ጣትሽ ከሌለ አንቺ እያጠበቅሽው ነው፣ አጥብቀሽ ለክተሽ ደግሞ የሰውየው ወገብ ነው አትበዪ ብለሽ አስተማርሽኝ። የየትኛው ልብስ ጊዜ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እመለስበታለሁ።

የኔም ነገር ያው ነበር። በጃቫ ወረፋን የምትጠይቂበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከፊት የቆመውን አይቶ ስሙን ብቻ ይነግርሻል፤ ሰውየው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው ግን ከፊት ያለውን ጠርቶ ከወረፋው ያወጣዋል። ሁለቱም የሚመልሱልሽ ያንኑ ስም ስለሆነ ለቸኮለ ሰው መንታ ናቸው። እኔ ሳጥኗ ውስጥ ስጽፍ የኖርኩት ሁለተኛውን ነው። በጠየቅሁ ቁጥር ሰውየውን ከወንበሩ አስነስቼ የማሰናብተው እኔ ራሴ ነበርኩ። የቀስ በቀስ ኮድ አንድም ሰው አልበላም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለካ ስለኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ያፈሰስኩት የሰው እንጀራ ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ይህን ከኔ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። ሪፖርቱን እንዳለ ብሰጥ ቋሚ እሆናለሁ፤ እሱ ይሄዳል፤ እውነተኛውን ስህተት ቀስ ብዬ አገኝና አስተካክለዋለሁ፤ ማንም አያውቅም። ይህን አሰብኩ እንጂ አላሰብኩም አልልሽም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ደረቴ ላይ ያለውን የቀሚሴን ስፌት በመስታወት አየሁት። አንድ ቦታ ተርትረሽ መልሰሽ የሰፋሽው ምልክት አለ፤ ካንቺና ከኔ በቀር ማንም አያየውም። ለማንም በማይታይ ቦታ ለምን እንደተረተርሽው ገባኝ። ወጥቼ ሄድኩ።

ሁሉም ባሉበት ተናገርኩ። ስህተቱ የቀስ በቀስ አይደለም፣ ሰዎቹን ያስወጣኋቸው በአጠያየቄ ነው፣ በግዴለሽነት ያልኩትም የሚመለከተው እኔን ነው አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነብኝ። አለቃችን ሻይዋን አስቀመጠችና የሙከራ ጊዜሽ በሦስት ወር ተራዝሟል፣ የሱ ውል ደግሞ ዛሬውኑ ይታደሳል አለች። ቀስ በቀስ ረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ ቁርስ በልተሻል ወይ አለኝ። ያኔ አለቀስኩ። እሱ ሳይቸኩል መሀረብ ፈልጎ እስኪያመጣ ድረስ ለቅሶዬም አልቆ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጦ ያስተምረኛል። እሱም ወጣት ሳለ አንድ ጊዜ ላጣራ ብሎ ባስገባው ጥያቄ የአንድ መጋዘን ዝርዝር ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ እንደነበር ነገረኝ። ለዚህ ነው አሁን እያንዳንዷን ጥያቄ ወንበሩን ገፋ አድርጎ የሚያያት። ከመጠየቅሽ በፊት ጥያቄሽ የሚያይ ነው ወይስ የሚነካ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ ይላል። እኔ ደግሞ እህቴ ይህን በሁለት ጣት ነው የምትለው አልኩት። በጣም ወደደው፤ አሁን ቢሮው በሙሉ ጥያቄ ሊጽፍ ሲል «ሁለት ጣት» ይባባላል። ከየት እንደመጣ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።

እውነተኛውንም ስህተት አብረን አገኘነው። የእኚያን ሦስት ጊዜ የተመለሱ እናት ምዝገባ ላይ ፕሮግራሙን አቆምነው። ቀስ በቀስ የእሳቸውና ቀደም ብላ የተመዘገበች የአንዲት ሌላ ሴት ስም እስከ አባት ስም ድረስ አንድ እንደሆነ፣ የተወለዱበትም ዓመት አንድ እንደሆነ አስተዋለ። ሳጥኗ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ወይ ብለን ጠየቅን። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች እፍረት አዎ አለ። ከዓመታት በፊት ለቆ የሄደ ሰው የተደጋገመ ምዝገባ ላጥራ ብሎ የጻፈው ነው፤ ስምና ዓመት ከገጠመ ኋላ የተመዘገበችውን ይጥላታል። ወዲያው ኮዱን አልነካነውም። እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ በስፒል እንደመያዝ፣ በካርድ ቁጥር ብናወዳድራቸውስ ብለን ሞከርን። አይደሉም አለ። ከዚያ በኋላ ነው መቀሱን ያነሣነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ነርሷ ደወለችልን። እናቲቱ ተጠርተዋል፤ ስማቸው ሲነሣ እሳቸው ራሳቸው አላመኑም፣ አጠገባቸው ያለችው ሴት ናት ይሂዱ ብላ የገፋቻቸው። ስልኩን ዘግቼ አንቺን አሰብኩ። እታለም፣ እኔ እንድማር አንቺ ደብተርሽን ዘግተሽ መኪናው ላይ ስትቀመጪ አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ያንን አንድም ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም። ሰዎች ይህን ሥራ የት ተማርሽ ሲሉኝ የትምህርት ቤቴን ስም እጠራለሁ። ከእንግዲህ ያንቺን ሱቅ ነው የምጠራው። አመሰግንሻለሁ። በስልክ ብለው መስመሩ ይቆረጥ ነበርና እዚህ ላይ ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ አመሰግንሻለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ማጉያ ያለው የጠረጴዛ መብራት ልኬልሻለሁ፤ መርፌው ጥሩ ሆኖ ይታይሻል። ግን መብራት ሐኪም አይተካም። ዓይንሽን ታዪ፤ ከተመረመርሽ በኋላ ሐኪሙ ያለውን በሙሉ፣ ሳትቀንሺ አስጽፈሽ ላኪልኝ።

ለመንገደኛው ባልሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሲነዳ እየዘፈነ ይንዳ፣ እየዘፈነ ከሆነ አያንቀላፋም። መርፌ ሰኪዋን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሜትሩን ገመድ አድርጋ መዝለሏን አቁማ እንደሆነ ጠይቄሻለሁ፤ ካላቆመች እኔም አላቆምኩም ነበርና አትቆጫት። አክስታችንን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ በየስልኩ መቼ ነው የምታገቢው ለሚሉኝ፣ ወረፋ ላይ ነኝ በያቸው። አዲሷ ተለማማጅሽንም ሳላውቃት ሰላም በያት። ስትቆጫትም እንደኔ ጊዜ አድርገሽ ተቆጫት።

እታለም፣ ከዚህ ቀጥሎ ለምጽፈው ይቅር በዪኝ። አስቀድሜ ብጠይቅሽ እምቢ ትዪኝ ነበር።

ጋሼ ዳይሬክተር፣ ይህ የመጨረሻው ሰላምታ የእርስዎ ነው፤ እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ አያድርጉት። ለጡረታ መሸኛዎ የተሰፋው ኮት ቁልፉ አልገጥም ብሎ፣ ተማሪው ሁሉ ባለበት ኮትዎ እንደተከፈተ ቆመው ንግግር አደረጉ። ግድግዳዎ ላይ ያለው ፎቶ ዛሬም ይመሰክራል። እታለም ደጅዎ ድረስ መጥታ «የለካሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ አንገቷን ደፍታ ቆመች። እርስዎም ክፉ ቃል አልተናገሯትም፤ ግን ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ዛሬ ደብዳቤ ሊያነቡላት እየመጡ እንኳ፣ ጨርቅዎን ሌላ ቤት ይወስዳሉ። ጋሼ፣ የለካሁዎት እኔ ነበርኩ። እሷ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ትልቅ ሰው ለመምሰል ሜትሩን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። እርስዎም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሆድዎን ሳብ አድርገው ነበር። እሷ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖረች። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተከተለኝ።

አሁን ደብዳቤውን አጥፈው መነጽርዎን ያውልቁ። እታለም ሜትሯን ታምጣ። ሆድዎን ለቀቅ አድርገው ይቁሙ፤ እሷ ሁለት ጣቷን ታስገባለች።

ታናሽ እህትሽ

ከማይዘጋው መስኮት አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን